ከሞተር ቤት እስከ ክሊኒክ፦ የኤሌክትሪክ ኃይል ራቅ ወዳለ ሕንፃ ስለ ማድረስ

(ለዕርዳታና ለማቋቋም ሥራ ኃላፊዎችና ባልደረቦች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)




በድርቅ ለተጎዳ ሕዝብ ስለሚደረግ ዕርዳታ ሲነገር አስቀድሞ የሚነሣው እህል፣ ውሃ፣ መጠለያና መድኃኒት ነው። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ እህሉ እንዲፈጭ፣ ውሃው ከጉድጓድ እንዲወጣ፣ ክትባቱም ሳይበላሽ እንዲቆይ የሚያደርገው ኃይል ብዙውን ጊዜ በዕቅዱ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ብቻ ተጠቅሶ ይታለፋል። «አንድ ጄኔሬተርና አስፈላጊው ሽቦ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሽቦው ምን ያህል ውፍረት እንዳለው፣ ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ፣ በጫፉም ላይ ምን እንደሚሠራበት ግን አይጻፍም። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህችን አንድ መስመር ዘርዝሮ ማስረዳት ነው።

የሠፈራ ጣቢያዎች አመሠራረት ጉዳዩን የበለጠ ያከብደዋል። እንደሚታወቀው በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ መተከል፣ ወደ አሶሳ፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ሌሎችም ስፍራዎች እንዲሠፍር ተደርጓል። በዚያ ዘመቻ ብዙዎች ያለ ፈቃዳቸው እንደተወሰዱ፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ እንደተለያየ፣ በጉዞና በበሽታም ብዙ ሰው እንዳለቀ ዛሬ በሰፊው የታወቀ ነው። ከታዩትም ጉድለቶች አንዱ ከሕዝቡ በፊት መድረስ የነበረበት አገልግሎት ከሕዝቡ በኋላ መድረሱ ነበር። ክሊኒክ ተሠርቶ ማቀዝቀዣው ካልሠራ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮ ፓምፑ ካልዞረ፣ ሕንፃው ለሪፖርት ይበጅ ይሆናል እንጂ ለሠፋሪው አይጠቅምም።

በአንድ ጣቢያ ውስጥ ሕንፃዎች ተራርቀው የሚሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የውሃው ጉድጓድ የሚቆፈረው ውሃ በተገኘበት ዝቅተኛ ቦታ ነው። የእህሉ መጋዘን የሚተከለው የጭነት መኪና በክረምት ሊደርስበት በሚችል መንገድ ዳር ነው። ክሊኒኩ የሚሠራው ውሃ በማይተኛበት፣ ከወባ ትንኝ መራቢያ ራቅ ባለ ከፍታ ላይ ነው። የጄኔሬተሩ ቤት ደግሞ ጩኸቱ በሽተኛን እንዳያውክ፣ ጭሱ እንዳይመርዝ፣ ናፍጣውም እሳት እንዳያስነሣ ከሁሉም ይርቃል። ስለዚህ በሞተር ቤቱና በክሊኒኩ መካከል 300፣ 500፣ አንዳንድ ጊዜም 1,000 ሜትር መኖሩ የዕቅድ ስሕተት ሳይሆን የቦታው ጠባይ ነው። ስሕተት የሚሆነው ያንን ርቀት ሳያስቡ ሽቦ መዘርጋት ነው።

ሀ. ኃይል በመንገድ ላይ የሚጠፋበት ምክንያት

ውሃ በረጅምና በቀጭን ቧንቧ ሲሄድ ከምንጩ የነበረው ግፊት ጫፉ ላይ ሲደርስ ይደክማል። የኤሌክትሪክም ነገር ከዚህ አይርቅም። ቮልት የግፊቱ፣ አምፔር የፍሰቱ፣ ኦም ደግሞ ሽቦው በፍሰቱ ላይ የሚያሳድረው እንቅፋት መለኪያ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ጌኦርግ ሲሞን ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 በመጽሐፍ ያወጣው ሕግ እንደሚያስረዳው፣ በሽቦው ውስጥ የሚቀረው ቮልት ፍሰቱ በእንቅፋቱ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። የሽቦው ርዝመት እጥፍ ሲሆን እንቅፋቱ እጥፍ ይሆናል፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን እንቅፋቱ በግማሽ ይቀንሳል። መዘንጋት የሌለበት ሌላው ነገር ኮረንቲ ሄዶ የሚመለስ መሆኑ ነው። ክሊኒኩ 500 ሜትር ከራቀ ኮረንቲው የሚጓዝበት ሽቦ 1,000 ሜትር ነው።

ይህን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። አንድ ክሊኒክ ለመብራት፣ ለማቀዝቀዣና ለመሣሪያ መቀቀያ 2,200 ዋት ያስፈልገዋል እንበል። በ220 ቮልት ሲሆን ፍሰቱ 10 አምፔር ነው። ሞተሩ 500 ሜትር ርቆ ተተክሎ፣ በከተማ ቤት ውስጥ ለሶኬት በሚዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የመዳብ ሽቦ ቢገናኝ፣ የሽቦው እንቅፋት 7 ኦም ይሆናል። 10 አምፔር በ7 ኦም ሲባዛ 70 ቮልት ነው። ከሞተር ቤት የተነሣው 220 ቮልት ክሊኒኩ ሲደርስ 150 ቮልት ብቻ ሆነ ማለት ነው። የጠፋው ኃይል 700 ዋት ሲሆን፣ ይህም ሽቦውን ከማሞቅ በቀር ለማንም የሚሰጠው አገልግሎት የለም። ለዚህ የተቃጠለው ናፍጣ ግን በእነዚያ ሩቅ መንገዶች ላይ በበርሜል ተጭኖ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አሳሳች ውሳኔ ይታያል። በክሊኒኩ መብራቱ ሲደበዝዝ «ጄኔሬተሩ ደክሟል፤ ትልቅ ይላክልን» የሚል ደብዳቤ ይጻፋል። ትልቅ ጄኔሬተር ቢላክም በቀጭኑ ሽቦ ውስጥ የሚጠፋው ቮልት አይለወጥም፤ ሞተሩ በጉልበቱ ቢጨምር ሽቦው በእንቅፋቱ አይቀንስምና። ከዚያም በላይ ትልቅ ሞተር አነስተኛ ሥራ ብቻ ሲሰጠው ናፍጣውን በደንብ ሳያቃጥል ጥላሸት ያጠራቅማል፤ ዕድሜውም ያጥራል። ስለሆነም ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ቮልቱ በሞተር ቤቱም በክሊኒኩም መለካት አለበት። በሞተር ቤቱ 220፣ በክሊኒኩ 150 ከሆነ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም። በሁለቱም ቦታ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ሞተሩ ይመርመር።

በዚህ ረገድ የቦታ ከፍታም መታሰብ አለበት። ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። በወሎ ደጋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተተከለ ሞተር በሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ጉልበት ሩብ ያህሉን ሊያጎድል ይችላል። በቆላ ደግሞ ሙቀቱ የራሱን ድርሻ ይቀንሳል። ሰሌዳው የሚናገረው ሞተሩ ፋብሪካው በወሰነው ከፍታና ሙቀት የሚሰጠውን ነው።

ለ. ማቀዝቀዣና ፓምፕ ከመብራት የሚለዩበት

አምፑል ቮልት ሲያንሰው ይደበዝዛል እንጂ ብዙ አይጎዳም። ሞተር ያለበት ዕቃ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰርም ሆነ የውሃ ፓምፕ ሲነሣ ለአጭር ጊዜ ከተለመደው ፍሰት 5 ወይም 6 እጥፍ ይስባል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ 1 አምፔር የሚወስድ ማቀዝቀዣ ሲነሣ 6 አምፔር ቢፈልግ፣ በዚያ ቀጭን ሽቦ ላይ ለብቻው 42 ቮልት ይቀንሳል። ሌሎቹ ዕቃዎች በተከፈቱበት ሰዓት ከሆነ የቀረው ቮልት ኮምፕሬሰሩን ለማንቀሳቀስ አይበቃም። ኮምፕሬሰሩ ቆሞ ያቃስታል፤ ይሞቃል፤ መከላከያው ያጠፋዋል፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይሞክራል። ይህ ሲደጋገም የመዳብ ጥቅሉ ይቃጠላል።

ችግሩ የሚከብደው ይህ ሁሉ ሲሆን የማቀዝቀዣው የውስጥ አምፑል መብራቱ ነው። ሰው በሩን ከፍቶ መብራት ሲያይ ይሠራል ብሎ ያምናል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ መቀመጥ አለበት። የኩፍኝ ክትባት በሙቀት ይደክማል፤ እንደ መንጋጋ ቆልፍ ያሉት ክትባቶች ደግሞ በረዶ ሲሠሩ ይበላሻሉ። የደከመ ክትባት ጠርሙሱን በማየት ብቻ አይታወቅም። ሕፃኑ ይወጋል፤ በመዝገብ ላይ ይጻፍለታል፤ ከበሽታው ግን አይጠበቅም። በ1977 ዓ.ም. በየመጠለያ ጣቢያው በረሃብ የደከሙትን ሕፃናት ከፈጁት በሽታዎች አንዱ ኩፍኝ እንደነበረ የሚያስታውስ ሁሉ፣ የሽቦ ውፍረት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ይረዳል።

ሐ. ኃይልን ሳያባክኑ ለማድረስ ያሉት መንገዶች

አንደኛው መንገድ ሽቦውን ማወፈር ነው። በዚያው ምሳሌ በ2.5 ፋንታ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ቢዘረጋ የሚጠፋው ቮልት ከ70 ወደ 11 ይወርዳል፤ ይኸውም ከ220 ቮልት 5 በመቶ ያህል ነው። ይህ ሊፈቀድ የሚችል መጠን ነው። ነገር ግን ዋጋ አለው፤ ቀጭኑ ሽቦ 22 ኪሎ ግራም ያህል መዳብ ሲወስድ ወፍራሙ 142 ኪሎ ግራም ይወስዳል። ርቀቱ እጥፍ ቢሆን ያንኑ ውጤት ለማግኘት ርዝመቱም ውፍረቱም እጥፍ ስለሚሆን የመዳቡ ክብደት በ4 እጥፍ ያድጋል። በመሆኑም ይህ መንገድ ለቅርብ እንጂ ለሩቅ አይሆንም።

በመዳብ ፋንታ አሉሚኒየም ማሰብ ይቻላል። 25 ካሬ ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ከ16 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ጋር የተቀራረበ አገልግሎት ይሰጣል፤ ክብደቱ ግን 68 ኪሎ ግራም ያህል፣ ማለትም ከመዳቡ ከግማሽ በታች ነው። ለምሰሶ የሚቀል፣ ለሌባም ብዙ የማያጓጓ በመሆኑ በአየር ላይ ለሚዘረጋ መስመር ተመራጭ ነው። ሆኖም አሉሚኒየምን ከመዳብ ጋር በእጅ ጠምዝዞ ማያያዝ ክልክል ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው መገናኛው ይበላል፣ ይሞቃል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ለሁለቱ ማገናኛ ተብሎ የተሠራው ዕቃ ከሽቦው ጋር አብሮ መታዘዝ አለበት።

ሁለተኛው መንገድ ባለ ሦስት ፌዝ አሠራር ነው። ጄኔሬተሩ ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ፣ በአራት ሽቦ 380 እና 220 ቮልት ማድረስ ይቻላል። ያው 2,200 ዋት በሦስቱ ፌዞች እኩል ቢከፋፈል በእያንዳንዱ ሽቦ የሚፈሰው 3.3 አምፔር ያህል ነው፤ ክፍፍሉ እኩል ሲሆን በመመለሻው በኒውትራል ሽቦ የሚያልፈው ፍሰት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ በዚያው በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ የሚጠፋው 70 ቮልት ሳይሆን 12 ቮልት ያህል ይሆናል። የአራቱ ሽቦዎች መዳብ ተደምሮ 45 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ በ142 ኪሎ ግራም የተገኘው ውጤት ከሲሶው በጥቂት ዝቅ ባለ መዳብ ተገኘ ማለት ነው። ባለ ሦስት ፌዝ ጄኔሬተር እያለ ክሊኒኩን በአንድ ፌዝ ብቻ ማገናኘት የተለመደ ብክነት ነው።

ሆኖም ይህ መንገድ ሁለት ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንደኛ፣ ዕቃዎቹ በሦስቱ ፌዞች ላይ እኩል መደልደል አለባቸው፤ ሁሉም በአንዱ ላይ ከተከመረ ጥቅሙ ይቀራል። ሁለተኛ፣ የኒውትራሉ ሽቦ መገናኛ ከሁሉ ይልቅ የጠበቀ መሆን አለበት። ኒውትራል ቢበጠስ ጥቂት ዕቃ ያለበት ፌዝ ከ220 በላይ፣ እስከ 380 የሚጠጋ ቮልት ሊያገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ማቀዝቀዣው በማነስ ሳይሆን በመብዛት ይቃጠላል።

ሦስተኛው መንገድ ቮልቱን ከፍ አድርጎ መላክና በጫፉ ላይ መልሶ ዝቅ ማድረግ ነው። ቮልት 10 እጥፍ ሲጨምር ለዚያው ኃይል የሚያስፈልገው ፍሰት ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፤ በሽቦው ውስጥ በሙቀት የሚጠፋው ኃይል ግን በፍሰቱ እጥፍ በራሱ ተባዝቶ የሚለወጥ ስለሆነ ወደ አንድ መቶኛ ይቀንሳል። በምሳሌው የጠፋው 700 ዋት 7 ዋት ብቻ ይሆናል። የዓለም የኤሌክትሪክ ታሪክ የተቀየረው በዚህ ነው። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1882 በኒውዮርክ የከፈተው ጣቢያ በ110 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ይሠራ ስለነበር ከአካባቢው ሰፈሮች አልፎ ሊሄድ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1891 ግን በጀርመን አገር ከላውፈን እስከ ፍራንክፈርት 175 ኪሎ ሜትር ድረስ በከፍተኛ ቮልት፣ ባለ ሦስት ፌዝ ተለዋዋጭ ኮረንቲ ተልኮ ከተላከው ኃይል አብዛኛው ደረሰ። በኢትዮጵያም በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ኃይል ወደ አዲስ አበባ የደረሰው በዚሁ መንገድ ነው።

ለአንድ ጣቢያ ሲታሰብ ግን ትራንስፎርመር ሁለት ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲነሣ፣ ሌላው ሲደርስ። ሥራ በሌለበት ሰዓትም ትራንስፎርመሩ ራሱ ጥቂት ኃይል ይወስዳል። ከፍተኛ ቮልት ያለበትን መስመር መንካት የሚፈቀድለትም የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ለ500 ሜትር የሚመከር አይደለም፤ ርቀቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ሲያልፍና ኃይሉም ሲበዛ፣ ለምሳሌ ለጥልቅ ጉድጓድ ፓምፕ፣ የሚታሰብ ይሆናል። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ገጠር በአንድ ሽቦ ብቻ ተልኮ በምድር የሚመለስ መስመር ለተበታተኑ መንደሮች ለብዙ ዘመን አገልግሏል፤ ወጪው አነስተኛ ቢሆንም ምድር ውስጥ የሚቀበረው ዘንግ በደረቅ ወራት ጭምር መልካም መገናኛ እንዲኖረው ብርቱ ክትትል ይጠይቃል።

አራተኛው መንገድ ኃይሉን ጨርሶ አለመላክ ነው። ይህ ሲሰማ ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚሻለው እርሱ ነው። መጠየቅ ያለበት «ኮረንቲው እንዴት ይድረስ?» ብቻ ሳይሆን «መጓዝ ያለበት ኮረንቲው ነውን?» ተብሎ ነው። ለውሃ ሲሆን ሞተሩ በጉድጓዱ አጠገብ ተተክሎ ውሃውን በቧንቧ ወደ ከፍታ ማጠራቀሚያ ቢገፋ፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ በራሱ ይወርዳል። ውሃ በታንከር ይጠራቀማል፤ ኮረንቲን ማጠራቀም ግን ውድ ነው። ለወፍጮም የናፍጣ ሞተሩ በቺንጋ ወፍጮውን በቀጥታ ቢያዞር ጄኔሬተርም ሽቦም አያስፈልግም። እዚህ ላይ ግን እህሉን በጀርባዋ ተሸክማ የምትሄደው እናት መታሰብ አለባት፤ ከሽቦ የዳነው ወጪ በእርሷ ጫንቃ ላይ እንዳይወድቅ ወፍጮው በመንደሩ መካከል ይተከል።

ለክሊኒክ ደግሞ የፀሐይ ብርሃን አለ። በቀድሞ ዘመን በሩቅ ክሊኒክ የነበረው አማራጭ በላምባ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ነበር፤ ክሩ ካልተስተካከለ ይጨሳል፣ ሙቀቱንም መቆጣጠር ያስቸግራል። ዛሬ ያለ ባትሪ፣ ከፀሐይ ሰሌዳ በቀጥታ የሚሠሩ የክትባት ማቀዝቀዣዎች አሉ፤ ቀን በረዶ ሠርተው ሌሊት በዚያ ይቆያሉ። ነገር ግን የርቀት ሕግ እዚህም አይቀርም፤ እንዲያውም ይብሳል። በ12 ቮልት 5 አምፔር የሚወስድ መብራት ከባትሪው 30 ሜትር ቢርቅና በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቢገናኝ 2.1 ቮልት ይጠፋል። 2.1 ቮልት ከ220 ምንም አይደለም፤ ከ12 ግን ከስድስት አንድ እጅ ይበልጣል። ስለሆነም በዝቅተኛ ቮልት የሚሠራ የፀሐይ መሣሪያ እዚያው ክሊኒኩ ጣሪያ ላይ ወይም ግቢው ውስጥ መተከል አለበት። ከሩቅ የሚመጣ ሽቦ አይጠቅመውም።

መ. በራስ ላይ ስለሚያልፈው መስመር

በሠፋሪዎች ዘንድ በተደጋጋሚ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ሽቦው በላያችን እያለፈ እኛ ስለ ምን በጨለማ እንኖራለን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ፣ በመተከል ምድር በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውም ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ኃይላቸውን የሚልኩት በ400 እና በ500 ኪሎቮልት መስመሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ የጀመረው ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው መስመርም በ500 ኪሎቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ይሠራል። ከእነዚህ መስመሮች ለአንድ መንደር ኃይል መቅዳት ከፏፏቴ ሥር ቆሞ በጣሳ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። ኃይሉ ለቤት እንዲሆን በማከፋፈያ ጣቢያ ደረጃ በደረጃ ወርዶ በ33 ወይም በ15 ኪሎቮልት መስመር መውጣት አለበት፤ የማከፋፈያ ጣቢያውም ዋጋ ለአንድ መንደር ብቻ የሚከፈል አይደለም።

መልሱ ይህ ሲሆን ጥያቄውን ለመዝጋት ግን መዋል የለበትም። የጣቢያው ኃላፊ መጠየቅ ያለበት «መስመር ያልፋል ወይ?» ሳይሆን «የሚያልፈው መስመር ስንት ኪሎቮልት ነው?» ብሎ ነው። 33 ወይም 15 ኪሎቮልት ከሆነ በምሰሶ ላይ በሚሰቀል አነስተኛ ትራንስፎርመር መንደሩን ማገናኘት የሚቻል ስለሆነ ጥያቄው በጽሑፍ መቅረብ ይገባዋል። አዲስ ጣቢያ ሲመረጥም ከ33 ኪሎቮልት መስመር ያለው ርቀት ከውሃና ከመንገድ ርቀት ጋር በአንድነት ቢመዘገብ፣ ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ወጪ ይቀንሳል። ከከፍተኛው መስመር ሥር ግን ድንኳን መትከል፣ መጋዘን መሥራት፣ እህል መከመርም አደገኛ በመሆኑ በጥብቅ ሊከለከል ይገባል።

ሠ. ስለ አደጋ መከላከል

ረጅምና ቀጭን ሽቦ ሌላም የተደበቀ አደጋ አለው። በክሊኒኩ ውስጥ ሁለቱ ሽቦዎች ቢነካኩ፣ ማለት ሾርት ቢፈጠር፣ ፊውዙ ወዲያው ይቃጠላል ተብሎ ይታመናል። በምሳሌው ሽቦ ላይ ግን 220 ቮልት ለ7 ኦም ሲካፈል ሊፈስ የሚችለው 31 አምፔር ብቻ ነው። በሞተር ቤቱ የተገጠመው ብሬከር የ32 አምፔር ከሆነ ይህን እንደ ጤነኛ ሥራ ቆጥሮ ዝም ይላል፤ በሣር ክዳን ቤት ውስጥ ግን ሽቦው ግሎ እሳት ያስነሣል። ስለዚህ በሞተር ቤቱ ያለው መከላከያ ለሽቦው ርዝመት የተመጠነ መሆን፣ በክሊኒኩም መግቢያ ላይ የራሱ አነስተኛ መከላከያና የመሬት ሽቦ መኖር አለበት። የተቃጠለ ፊውዝን በሚስማር ወይም በወፍራም ሽቦ መተካት ቤቱን ለእሳት አሳልፎ መስጠት ነው።

በአየር የሚዘረጋ መስመር ምሰሶው ምስጥ እንዳይበላው ሊታሰብበት ይገባል። በቆላ መድኃኒት ያልተነከረ ባሕር ዛፍ ብዙ ሳይቆይ ከሥሩ ይበላና በመጀመሪያው የክረምት ነፋስ ይወድቃል። በምድር የሚቀበር ኬብል ደግሞ ማረሻና ዶማ ከሚደርስበት ጥልቀት በታች መሆን፣ የሄደበትም መሥመር በድንጋይ ምልክት ተለይቶ በካርታ መያዝ አለበት። ካርታው በአንድ ሠራተኛ ራስ ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ ሠራተኛው የተዛወረ ዕለት ኬብሉም ከርሱ ጋር ጠፋ ማለት ነው።

ረ. ከመታዘዙ በፊት መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በአምስት ጥያቄዎች ሊጠቃለል ይችላል። ጄኔሬተርም ሆነ ሽቦ ከመታዘዙ በፊት ለእነዚህ የተጻፈ መልስ ሊኖር ይገባል።

አንደኛ፣ በሩቁ ሕንፃ ውስጥ የሚሠራባቸው ዕቃዎች የትኞቹ ናቸው? እያንዳንዱ ስንት ዋት ይወስዳል? ከመካከላቸውስ ሞተር ያለው የትኛው ነው?

ሁለተኛ፣ ርቀቱ በሽቦው መንገድ ሲለካ ስንት ሜትር ነው? በዓይን ግምት 300 የተባለው ሲለካ 500 ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ሦስተኛ፣ ሁሉም ዕቃ በተከፈተበት ሰዓት በጫፉ ላይ ስንት ቮልት ይቀራል? ከ220 ቮልት 5 በመቶ ቢፈቀድ ከ209 በታች መውረድ የለበትም። ማቀዝቀዣው በሚነሣበት ቅጽበትስ?

አራተኛ፣ መጓዝ ያለበት ኮረንቲው ነው ወይስ ውሃው፣ ወይስ ወፍጮው፣ ወይስ ሞተሩ ራሱ?

አምስተኛ፣ ሥራው ከተረከበ በኋላ የሚጠብቀው ማን ነው? ናፍጣው በክረምት መንገድ ሲዘጋ ከየት ይመጣል? መለዋወጫውስ?

እነዚህን ለመመለስ ከፍተኛ ትምህርት አይጠይቅም። የሜትር ገመድ፣ የቮልት መለኪያና አንድ ደብተር ይበቃሉ። መስመሩ ከተዘረጋ በኋላም ቮልቱ በሩቁ ጫፍ፣ በምሽት ሥራ በሚበዛበት ሰዓት እየተለካ ከማቀዝቀዣው የሙቀት መዝገብ ጎን ቢጻፍ፣ ችግሩ ክትባቱን ሳያበላሽ በፊት ይታያል። ርክክቡም መፈጸም ያለበት በሞተር ቤቱ በር ላይ ሳይሆን በክሊኒኩ ውስጥ፣ ማቀዝቀዣው ሲነሣ እየታየ ነው።

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባልደረቦች፤

ሠፋሪው ወደ አዲሱ ምድር ሲደርስ ቤቱን፣ ቀዬውንና የወገኖቹን መቃብር ትቶ ነው። ተገቢው አገልግሎት ይጠብቅሃል ተብሎ ተነግሮታል። ያ ቃል የሚፈጸመው በጉባኤ አዳራሽ ሳይሆን፣ ከሞተር ቤት በተነሣ በአንድ ሽቦ ጫፍ፣ በአንዲት ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ በአንድ ጠርሙስ ክትባት ላይ ነው። ሽቦው ቀጭን ሲሆን ቃሉም በመንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከእንግዲህ በዕቅድ ሰነዶች ላይ «አንድ ጄኔሬተርና አስፈላጊው ሽቦ» የሚለው አነጋገር ቀርቶ በምትኩ ርቀቱ በሜትር፣ ውፍረቱ በካሬ ሚሊ ሜትር፣ በጫፉ የሚቀረውም ቮልት በቁጥር እንዲጻፍ ያስፈልጋል። ይህን ለመጻፍ የሚፈጀው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ሳይጻፍ ቢቀር የሚጠፋው ግን የሕፃናት ሕይወት ነው።